ከዲናሞው ጀርባ

መኪናችን በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ፈላች። በአራተኛው ጊዜ አባቴ ከኮፈኑ ስር የሚወጣውን እንፋሎት በኮፍያው እያባረረ፣ «በቃ! ዓርብ አስር ሰዓት ላይ ሰውዬው መጥቶ ይውሰዳት» አለ። ሰውዬው አሮጌ መኪና እየገዛ በሩን ለብቻ፣ መስታወቱን ለብቻ፣ ወንበሩን ለብቻ አድርጎ የሚሸጥ፣ ከከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር ያለ ነጋዴ ነው። እሱ እጅ የገባች መኪና ዳግም መኪና ሆና አትታይም።

እውነቱን ልናገር፤ መኪናዋን የምፈልጋት እኔ ነኝ። አባቴ ጅቡቲ ወደብ በር ላይ የሚገቡና የሚወጡ ከባድ መኪኖችን ይመዘግባል፤ ሥራ የሚሄደው በሰርቪስ ነው። እናቴ ደግሞ ከኢትዮጵያ ጭነት ሊያነሱ መጥተው ተራ ለሚጠብቁ ሾፌሮች ምሳና እራት ትሠራለች። ሾፌሮቹ የሚውሉት የባልባላን ዳገት አልፎ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ነው። ድስቶቹን እዚያ የማደርሰው እኔ ነኝ። ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ቢሮ ሁለት ወር ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬ ነበር ስል መቀመጥ ብቻ ነበር፤ ትቼው ወጣሁ። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ካለው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ጋር እየተጋፋሁ መዋልም አልችልም፤ እሷም አትችለኝም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ድስቶቹ ከኋላዬ እየተንቀጫቀጩ ዳገቱን ስወጣ ግን ሰው እሆናለሁ። መኪናዋ ከሄደች ድስቶቹ በታክሲ ይሄዳሉ፣ እኔ ቤት እቀራለሁ። የጨነቀኝ እሱ ነው።

ምክር እንደሆነ በየአፉ ሞልቶ ነበር። ራዲያተሩ ነው አሉ፤ ተቀየረ። የውሃ ፓምፑ ነው አሉ፤ እሱም ተቀየረ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስትፈላ አባቴ የራሱን ምርመራ አወጣ።

«የአንቺ እግር ነው። ነዳጁን ትረግጪዋለሽ። እኔ ስነዳት ፈልታ ታውቃለች?»

እሱ የሚነዳት እሁድ እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ ነው። በዚያ ላይ በማለዳ፣ በዚያ ላይ ሜዳ ለሜዳ። ይህን ስነግረው «አፍሽም እንደ እግርሽ ነው» ይለኛል።

የእግሬን ስም ለማጽዳት ብዬ ስልኬ ላይ ተጣድኩ። በረዶ አገር ያሉ ሰዎች ጓንት አድርገው መኪና ሲፈታቱ ሳይ ከርሜ አንድ ነገር ገባኝ። በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ቴርሞስታት የምትባል፣ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማትበልጥ ትንሽ በር አለች። ውሃው ሲግል በራሷ ትከፈታለች፤ የጋለው ውሃ ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ይበርዳል። ተዘግታ ከቀረች ሞተሩ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። የኛዋ ተዘግታ ቀርታለች ብዬ ወሰንኩ። እኔ ከወሰንኩ ወሰንኩ ነው።

ችግሩ እሷ ጋ መድረሱ ላይ ነው። በኛ መኪና ላይ የተሸጎጠችው ከዲናሞው ጀርባ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር ተለጥፋ ነው። ከላይም ከታችም አትታይም። ሁለት ጋራዥ ጠየቅሁ። አንዱ «ሞተሩ ካልወረደ አይሆንም» አለኝ። ሌላው እሺ ብሎ በጠዋት ቀጠረኝና ሻይ ሲጠጣ፣ በስልክ ሲያወራ፣ እንዲሁ ሲል ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ገባ። በዚህ ከተማ ጫት ከገባ በኋላ ቡሎን የሚፈታ ሰው ካለ እኔ አላየሁትም። ዕቃውን ፍለጋ ስሄድ ደግሞ ባለ ሱቁ ሳቀብኝ፤ «ቴርሞስታት? ለጅቡቲ? እህቴ፣ ብርድ ልብስም ላልብሳት?» አለ። በመጨረሻ ከእናቴ ደንበኞች አንዱ፣ የተሳቢ ሾፌር፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገዝቶ በንጹሕ ካልሲ ጠቅልሎ አመጣልኝ። የደረሰው ሐሙስ ማታ ነው። መኪናዋን የሚወስደው ሰውዬ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

ዓርብ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሐምሌ ስለሆነ በዚያ ሰዓትም ብረቱ ለብ ብሏል። መኪናዋ የቆመችው በራችን ላይ ነው፤ መንገዱ ጠባብ ነውና በጎኗ የሚያልፍ ሁሉ ሆዱን ስቦ ነው የሚያልፈው። ጎረቤታችን፣ ባለ ታክሲው ሶማሌ ሽማግሌ፣ ወንበሩን በሩ ላይ አውጥቶ ተመቻቸ። አማርኛ የተማረው ልጅ ሆኖ ከባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ ከኔ ይሻላል።

«ናያ! ምን ልታደርጊያት ነው?» አለኝ፤ ናያ በሶማሊኛ «አንቺ» ማለት ነው።

«ላድናት ነው፣ አዴር» አልኩት፣ አጎቴ ለማለት።

«ዋላሂ፣ ሬሳ በሚገነዝበት ቀን ሐኪም አይጠራም።»

«ካልሞተችስ?»

«ካልሞተች አንቺ ትጨርሻታለሽ።»

አባቴ በሽርጥና በካናቴራ፣ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። ጥቂት ቆሞ አየኝና፣ «ልጄ፣ ተዪው። እዚያ አይደረስም» አለ።

«ደርሰህ ታውቃለህ?»

ሻዩን ፉት አለ።

ባትሪውን ፈታሁ። የራዲያተሩን ታችኛ መክፈቻ ለቅቄ ውሃውን ወደ ሳፋ አወረድኩት፤ የምስር ወጥ መስሎ ወረደ። የቧንቧችን ውሃ ጨዋማ ነው፤ እኛ ራሳችን የማንጠጣውን ስናጠጣት ኖረን ሆዷ ዝጓል። ቀጥሎ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ አላልቼ አወለቅሁ። ዲናሞው የተያዘው በሁለት ረጃጅም ቡሎን ነው። አንዱ እንደ ጨዋ ሰው ወጣ። ሁለተኛው አልወጣም። ዘይት አጠጣሁት፤ ጠበቅሁት። መጠበቅ አልችልምና ሄጄ ሁለት ምንጣፍ አራግፌ ተመለስኩ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ፣ እግሬን መከላከያው ላይ ረግጬ ስጎትት ቋ! አለና እኔም ቁልፉም ቧንቧውም የጎረቤታችን ወንበር ስር ተገኘን።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለ ጎረቤቴ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ።

አባቴ ግን አልሳቀም። ከጠዋት ጀምሮ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ይላል። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ እስከ ሦስት ሰዓት የሚተኛ ሰው ነው። «እጅሽን ታጪዋለሽ» ይላል። «ይበቃሻል፣ ፀሐዩ ከረረ» ይላል። ደግሞ ተመልሶ፣ «ሰውዬው መጥቶ ተበታትና ቢያገኛት ምን ይለኛል?»

«እሱስ ሊበትናት አይደል የሚወስዳት? ሥራ አቀለልኩለት።»

አምስት ሰዓት ላይ እናቴ የምሳውን ድስቶች በነጠላ ጨርቅ አስራ በጎረቤታችን ታክሲ ጫነች። የጾም ቀን ነው፤ ሽሮና ምስር። ልትገባ ስትል ቆም ብላ ተፈታትቶ የተዘረጋውን ብረት አየች።

«ለምሳ እሺ፣ በታክሲ ልሂድ። ለእራት ግን እወቂበት። እኚህ ሰውዬ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሰው አይደሉም።»

«እሰማለሁ እኮ!» አለ ጎረቤታችን መሪውን እያዞረ።

ዲናሞውን አውጥቼ ጎን ላይ አስተኛሁት። ከጀርባው የቴርሞስታቷ ክዳን ብቅ አለ፤ ክዳን ማለት የጎማ ቱቦ የተሰካበት የብረት ቆብ ነው። በሁለት ዳዶ ታስሯል። አንደኛውን አየዋለሁ። ሁለተኛውን የማየው በጣቴ ብቻ ነው። ክንዴን በቱቦና በብረት መካከል እስከ ክርኔ አስገብቼ፣ ጉንጬን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምፈታው። ቁልፉ በአንድ ጊዜ የሚዞረው የሩዝ ፍሬ ታህል ነው። ሩብ ዙር ሳይሞላ ይወልቃል፤ እንደገና መሰካት ነው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው። የጋራዥ ወንዶች ለምን ሞተሩ ይውረድ እንደሚሉ የገባኝ ያኔ ነው፤ የነሱ እጅ ከእጅ አንጓው በላይ አይገባም። የኔ ክንድ ቀጭን ነው። እናቴ ሁልጊዜ «ብይ እንጂ» ትለኛለች። አልበላም።

ዳዶው መጨረሻ ላይ መዳፌ ውስጥ ወደቀ። ክዳኑን ነቅንቄ ሳብኩት፤ የቀረው ውሃ ክንዴን ተከትሎ ብብቴ ድረስ ገባ። ጣቴን ወደ ቀዳዳው ሰደድኩ፤ የተጣበቀችውን ልነቅል። ጣቴ ገባ። ደግሞ ገባ። ምንም አልነካም። የእናቴን የፊት ማያ መስታወት አምጥቼ በእጅ ባትሪ አየሁ።

ባዶ ነው። የተጣበቀ የለም፤ የተሰበረ የለም፤ ምንም የለም።

ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱን አየሁት። ሳልጠይቀው አወቅሁ፤ ቢሆንም ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ማን አወጣት?»

«እኔ ነኝ ያስወጣኋት። ከመርከብ በወረደች ሳምንት።» ብርጭቆውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሁሉም እኮ ያስወጣል። ይህቺ የበረዶ አገር ዕቃ ናት፤ ለሙቀት አገር ምን ታደርጋለች ተባለ። መኪና ወረደች ማለት መጀመሪያ እሷን አውጥቶ መጣል ነው።»

«እሺ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ስንጨረጨር ለምን ዝም አልክ?»

አሰበ። «እጅሽ አይደርስም ብዬ ነው» አለ።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። መልሱ ግን እውነት ስለሆነ ሳቄ መጣ፤ ብስቅ ደግሞ እንደሚያመልጠኝ ስላወቅሁ ፊቴን አዙሬ ክዳኑን መወልወል ጀመርኩ።

«አሁን ይኸው አየሽው» አለ ከኋላዬ፣ ድምፁን ትንሽ አጠንክሮ። «ባዶም ሆና ፈልታለች። እንግዲህ በሐምሌ ሙቀት ደግሞ መዝጊያ ልታስገቢባት ነው? እንደነበረ ግጠሚውና ሰውዬው ይውሰዳት።»

ሐቁን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ልክ ነው ብዬ ነበር። መንገዱ ክፍት ከሆነ ውሃው እንዴት ይፈላል? አዲሷን ከካልሲው አውጥቼ አገላበጥኳት። ከፊቷ በሯ አለች። ከጀርባዋ ግን ሌላ ጠፍጣፋ ብረት በምንጭ ተንጠልጥሏል። የዚህን ሥራ ስላላወቅሁ ወደ ኩሽና ገባሁና ያገኘሁትን ድስት ውሃ ሞልቼ ጣድኩ። ሲንፈቀፈቅ ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥዬ አወረድኳት።

እናቴ ከምሳ የተመለሰችው በዚያች ሰዓት ነው።

«በሽሮ ድስቴ?» አለች። «የመኪና ብረት? በሽሮ ድስቴ?»

«አዲስ ናት፣ እማዬ። ንጹሕ ናት።»

«ሁለተኛ ሽሮ አልሠራበትም!»

አባቴ ጩኸቷን ሰምቶ መጣ። ሦስታችን ድስቱ ላይ ተደፋን። በሯ ቀስ እያለች ተከፈተች፤ የእንቁራሪት አፍ ትመስላለች። በሯ በተከፈተች ልክ የጀርባው ጠፍጣፋ ብረት ወደ ታች ወረደ። በመስታወት ያየሁትን ቀዳዳ አስታወስኩ፤ እዚያ ወለሉ ላይ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ነበር። ውሃው ራዲያተር ጋ ሳይሄድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ የሚዞርበት አቋራጭ ነው። ይሄ ጠፍጣፋ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው።

«አንዱን ስትከፍት ሌላውን ትዘጋለች» አልኩ። «እሷ ከሌለች አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የጋለው ውሃ ግማሹ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ሜዳውን ችላ ኖራለች፤ ዳገቱና የሐምሌ ሙቀት ሲጨመርባት ግን ትፈላለች።»

አባቴ ድስቱ ላይ ይበልጥ አጎነበሰ። ሃያ ዓመት ወደብ በር ላይ የቆመ ሰው ነው።

«በር ላይ ሰው ከሌለ» አለ በመጨረሻ፣ «መኪናው ሁሉ ግቢ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወጣም።»

«እንደሱ ነው።»

እናቴ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ነገርኳት። ሰማችና ወገቧን ይዛ ወደ አባቴ ዞረች።

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ የልጄን እግር ስታማ የኖርከው አንተ ዕቃዋን ጥለህ ነው?»

አባቴ ሽርጡን ወደ ላይ አጥብቆ አሰረና ካርቶን ፈልጎ አመጣ። መኪናዋ ስር አንጥፎ በጀርባው ገባ። «መስታወቱን ከታች እይዝልሻለሁ» አለ።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይከብዳል። የጎማ ቀለበቷን አለበስኳት፣ ትንሿን የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኳት፣ ክዳኑን ገጠምኩ። የማይታየውን ዳዶ ጣቴ ጫፍ ላይ በግራሶ አጣብቄ አስገባሁት። አንዴ ወደቀ፤ አባቴ «እኔ ጋ ነው» ብሎ ከስር አቀበለኝ። እንደገና ወደቀ፤ የወደቀው ግንባሩ ላይ ነው። «ይኸውልሽ» ብሎ አቀበለኝ። በሦስተኛው ያዘ። በመስታወቱ ውስጥ የአባቴን ዓይን አየሁ፤ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ዲናሞውን፣ ቺንጋውን፣ ባትሪውን መለስኩ። በቧንቧ ውሃ ፈንታ የታሸገ ውሃና የራዲያተር ፈሳሽ ሞላሁ። አሁን የቀረው ውስጧ የታመቀውን አየር ማስወጣት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ የመኪናዋ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት። ማሞቂያው። በሐምሌ፣ በስምንት ሰዓት ተኩል፣ ጅቡቲ ላይ። ያንን ቁልፍ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ቀዩ ምልክት ገና አዲስ ነው። እኔ ከፊት ሆኜ ውሃውን ማየት አለብኝ፤ ሌላ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ነዳጅ በቀስታ መስጠት አለበት።

«እኔ እገባለሁ» አለ አባቴ።

ገባ። በሩን ዘጋ። ማሞቂያውን ከፈተ። ለዓመታት የተኛ አቧራ ፊቱ ላይ ተነፋ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አብረቀረቀ፣ ከዚያ ካናቴራው ደረቱ ላይ ተጣበቀ። ከራዲያተሩ አፍ አንድ አረፋ፣ ሌላ አረፋ እያለ ይወጣል፤ ውሃው ዝቅ ይላል፤ እጨምራለሁ። ጎረቤታችን ጉንጩን በጫት አሳብጦ ከጥላው ስር ያያል።

«ጎረቤት!» ብሎ ጮኸ። «በሐምሌ ማሞቂያ? የምቅመው እኔ፣ የሚመረቅነው አንተ?»

እናቴ መስኮቱን ደበደበች። «ውጣ እንጂ! ራስህን ልትገድል ነው?»

«አየሩ ይውጣ» አለ አባቴ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ።

አረፋው ካቆመ በኋላም ትንሽ ተቀመጠ። በኛ ቤት ይቅርታ የሚባል ቃል በአፍ አይወጣም፤ አባቴ ከአባቱ ያልሰማውን ከየት ያመጣዋል? እኔ ግን ያን ቀን ከመኪናዋ ሲወጣ፣ እንደ ዓሣ ረጥቦ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ እንደተባባልን ቆጠርኩት። ውሃ በጆግ ሰጠሁት። ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን አናቱ ላይ ደፋው።

«ንጂ» አለኝ። «ሰውዬው ሳይመጣ ዳገቱን እንውጣ።»

ዳገቱን የወጣሁት እንደወትሮዬ ነው፤ አላቀለልኩላትም። አባቴ ወገቡን አጥፎ የሙቀት መለኪያ መርፌዋን ብቻ ያያል። መርፌዋ ወጣች፣ ወጣች፣ መሐል ላይ ደረሰችና ቆመች። ግማሽ ዳገት ላይ፣ ሞተሩን ይበልጥ የሚያደክመውን ኤሲ ራሱ ከፈተው። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። አናቱ ላይ ደርሰን ስንዞር ከታች ባሕሩና የወደቡ ክሬኖች ታዩ። አባቴ ወደ ኋላ ተደግፎ «እ-ህ» አለ። ከእሱ አፍ ለሚወጣ ምስጋና ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ስንመለስ ሰውዬው በራችን ላይ ቆሟል። መጎተቻ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ፒክአፑን መንገዱን ዘግቶ አቁሟል። በእግሯ ስትመጣ አይቶ ግራ ገባው።

«አትነሳም አላላችሁኝም?» አለ።

«ፈላች አልኩህ እንጂ አትነሳም አላልኩም» አለ አባቴ። «አሁን አትፈላም። አልሸጥም።»

«ቃል ሰጥተኸኛል።»

«ሰጥቻለሁ። መጥፎ ቃል ነው፤ መልሼ ወሰድኩት። ና ሻይ ጠጣ።»

ሰውዬው ተናደደ፤ ልክ ነው፣ ከባልባላ ድረስ መጥቷል። ግን ደግሞ የመኪና ሰው ነውና ኮፈኑን ሳያስከፍት መሄድ አልቻለም። አጎንብሶ አየ፣ ቱቦውን በእጁ ጨበጠ። አባቴ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በእጁ እያደባለቀ አስረዳው፤ ሁለቱን በር፣ አቋራጩን፣ ድስቱን። ድስቱ ላይ ሲደርስ እናቴ ከውስጥ «በሽሮ ድስቴ!» አለች።

«ማን ሠራው?» አለ ሰውዬው።

«እሷ ናት» አለ አባቴ። «እኔ መስታወት ነው የያዝኩት።»

ሰውዬው አየኝ፤ እስከ ብብቴ ድረስ ጥቁር ነኝ። ከዚያ ወደ ራሱ ፒክአፕ ዞር አለ። ኮፈኑ ላይ ውሃ የረጨበት ነጭ የጨው መስመር ነበር።

«የአንተም ትፈላለች» አልኩት።

«ትንሽ።»

«ቴርሞስታቷን አስወጥተሃል?»

«ያላስወጣ አለ እንዴ?»

አባቴ የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር።

ሰውዬው ሻዩን ቆሞ ጠጣና ገመዱን እየጠቀለለ ሄደ። ቅር እንዳለው አልደበቀም፤ እኔም ደስ እንዳለኝ አልደበቅሁም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ የእራት ድስቶቹ ተዘጋጁ። እጄን በሳሙናና በስኳር ፈትጌ ታጠብኩ፤ ጥፍሬ ስር ያለው ግን አልወጣም። ድስቶቹን ጭኜ ልነሳ ስል አባቴ ልብሱን ቀይሮ መጣና የጎን በሩን ያዘ።

«ልምጣ እንዴ? ድስቱን ማን ይይዝልሻል?»

«ማንም አይዝም። ቤት ሁን።»

«ብትፈላስ?»

«አትፈላም፣ አባዬ።»

በሩን ለቀቀው። ብቻዬን ሄድኩ፤ ሞተሩ እስኪበርድ ብዬ ዳገቱ ላይ አልቆምኩም። ሜዳው ላይ ሾፌሮቹ በተሳቢዎቻቸው ጥላ ስር ሰሌን አንጥፈው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ክዳኑን ስከፍት ምስሩ ገና ይጨስ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሰዓቱን አየና «ምን አፈጠነሽ ዛሬ?» አለኝ። ሳህኑን አቀበልኩትና «ብላ፣ ሳይበርድ» አልኩት።